የእትዬ ሸዋዬ ቸርኬ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ያለው የብየዳ ቤቶች ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቀለም ቀለም ይሸታል። ለበርና ለመስኮት ብረት የሚቀቡት ያ የዘይት ቀለም። ባለፈው ማክሰኞ የልጅ ልጄ ሔለን መኪናዋን በሁለት አይሱዙዎች መካከል ለማቆም ስትታገል፣ እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሳላስበው ሽታውን ማግኩት። ሌላው ሰው ቀለም ሲሸተው አዲስ ቤት ይታየው ይሆናል። እኔን ልቤን ይከብደኛል። የራሴ ቤት እንኳ ሲቀባ ሦስት ቀን ዘመድ ጋ ሄጄ ነው የማድረው። ልጆቼ አስም አለበት ብለው ደምድመዋል፤ እኔም አስም ነው እላለሁ።

የሄድኩት ሰሌዳ ላሠራ ነበር። እኛ የአንዲት ተራራ ላይ ያለች መንደር ተወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ ማኅበር አለን፤ በወር አንድ እሁድ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ዘንድሮ ተራራው ላይ አዲስ አስፋልት ሲዘረጋ የድሮው የመንገድ ዳር ሰሌዳ ተነቅሎ ስለተጣለ፣ ማኅበሩ ሌላ እናቁም አለ። የመንደሩ አመሠራረትም ከስሙ ሥር በአጭሩ ይጻፍ ተባለ። ማን ይጻፈው? ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ልጆች መካከል በሕይወት ያለሁት፣ ያን ጊዜም ፊደል የቆጠርኩት እኔው መምህር አያሌው ነኝ። ጻፍኩ። ወረቀቱ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር፦ «ደገፋ በር። በአቶ ደገፋ ወልዴ የተቆረቆረ።» ደገፋ አባቴ ነው።

«አባባ፣ ሎኬሽኑ እዚህ ጋ ነው የሚለው፤ ደርሰናል» አለችኝ ሔለን።

ከመኪናው ወርጄ ቀና ስል በሥራ ቤቱ በር ላይ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የካሚዮን ቸርኬ አየሁ። ጎማው የሌለው፣ የዛገ፣ አንድ ጎኑ በምት ብዛት የጎደጎደ ቸርኬ። አንድ ሠራተኛ ወጣና በመዶሻ ሦስት ጊዜ መታው፤ የቁርስ ሰዓት መሆኑ ነው። ዝም አለ፤ ደግሞ ሦስት ጊዜ መታ። የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ።

መንደራችን ያለችበት ቦታ ከሸዋ ደጋ ወደ ወሎ በሚወርደው መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ላይ ብርድ፣ ታች ገደል። እስከ ቀትር ፀሐይ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሲመጣ ግን ሰው የገዛ እጁን ማየት ያቅተዋል። እዚያ ጭላዳ እንጂ ሰው አይኖርም ነበር። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ድንኳናቸውን ሲነቅሉ ግን አንዲት ሴት ቀረች፤ ለእነሱ ወጥ ልትሠራ የመጣችው እትዬ ሸዋዬ። አገሯ የት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ስትጠየቅ «ከመንገዱ ጋር ነው የመጣሁት» ትላለች። የተጣለ ቆርቆሮ ለቃቅማ አንድ ክፍል ቤት አቆመች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ለሚያልፉ ሹፌሮች ሽሮ ሠራች። ብቻዋን በዚያ ብርድ ሁለት ክረምት ከረመች። ጅብ በሩን ሲገፋ በመጥረጊያ ዘንግ እየደበደበች ነው ያደረችው ይባል ነበር፤ እሷ ስትጠየቅ ደግሞ «ጅቡም ብርድ ነው ያመጣው» ትል ነበር።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ከቆላ ጨውና በርበሬ በበቅሎ እየጫነ ደጋ ያወጣል። መንገድ ተሠርቶ ካሚዮን ሲመጣ ያ ሥራ አለቀ። «መኪና በቅሎዎቼን በላቸው» እያለ ሸጣቸውና እናቴንና እኛን ይዞ እዚያ ጫፍ ላይ ሱቅ ከፈተ። እሱን አይቶ ጎሚስታው መጣ፣ የሱፍ ባና ሸማኔው መጣ፣ በግ ነጋዴው መጣ፤ አሥራ ሁለት ቤት ሆንን። አባቴን ማማት አልፈልግም፤ ለሰፋሪ ሁሉ እህል ያበደረ፣ ቤት ሲሠራ ማገር ያቀበለ፣ የተጣላ ያስታረቀ ሰው ነው። ሰፋሪ ነበር፣ ጥሩ ሰፋሪ። የመጀመሪያው ግን አልነበረም።

ያ ዘመን ዛሬ ሲታወሰኝ በጠረንና በልብስ ነው። ላምባ የነካው የአባቴ ሱቅ፤ ዝናብ ሲነካው በግ በግ የሚሸተው ባና፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም ከፍለው፣ በሁለት እጃቸው ብርጭቆውን አቅፈው ቆመው የሚጠጡት ባለቆዳ ጃኬት ሹፌሮች። ሹፌር ማለት ያኔ ትልቅ ሰው ነው! ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ መሐረብ አንገቱ ላይ አስሮ ከኤንትሬ ካሚዮኑ ጋቢና ሲወርድ የመንደሩ ሴት ሁሉ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ዛሬ ሔለን ከሰሚት ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት መሪ ጨብጣ ስታማርር፣ እኔ በሆዴ ያን ቁልቁለት ያየሽ ቢሆን እላለሁ። አልነግራትም፤ ነግሬያት ነበር፣ «አባባ ደግሞ ጀመረ» አለች።

አንድ ቀን እትዬ ሸዋዬ ምሳ አብልታ የሸኘችው ሹፌር በጉም ውስጥ መታጠፊያውን ስቶ ገደል ገባ። ሳህኑ ገና አልታጠበም ነበር። በማግስቱ መንገድ ዳር የተጣለ አሮጌ ቸርኬ እያንከባለለች አመጣች፣ ቤቷ አጠገብ ካለው የአስታ ዛፍ ላይ በሰንሰለት ሰቀለችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉም በመጣ ቁጥር እስኪገፈፍ ድረስ ትመታው ጀመር። ሦስት ጊዜ፣ ዝም፣ ሦስት ጊዜ። ሹፌሮቹ ሕጉን ተማሩ፦ የሚወርድ ድምፁን በግራ ጆሮው፣ የሚወጣ በቀኝ ጆሮው እየሰማ እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ ድምፁ ከፊት ለፊቱ ከመጣ ይቆማል። ጆሮዋን በጨርቅ ወትፋ፣ ባናዋን ተከናንባ፣ ክንዷ ሲዝል እጅ እየለወጠች ስትመታ አሁንም ትታየኛለች። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አልከፈላት። ሹፌሮቹ ቦታውን ሸዋዬ በር አሉት። እንዲህም ይዘፍኑ ነበር፦

ጉሙ ቢጋርደኝ መንገዱ ቢጠፋኝ፣
የሸዋዬ ብረት ጠርቶ አሳለፈኝ።

አባቴንም አሳልፎታል። ከደብረ ብርሃን ዕቃ ጭኖ ሲመጣ ጉም ያዛቸው፤ ሹፌሩ ጨርሶ መንገዱ ጠፍቶበት ሳለ ቸርኬው ተሰማ። አባቴ ከካሚዮኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። እኛ ልጆቹ ፊት፣ ኮራ ያለ ሰው ሆኖ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። «የቀረችኝ ዕድሜ ያንቺ ናት» አላት። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳልሰማ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

እኔ ትምህርቴን ከተማ ጨርሼ፣ መምህር ተብዬ፣ በካኪ ሙሉ ልብስና በአፍሮ ተመለስኩ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለመንደሩ ልጆች ሀሁ ማስቆጠር ጀመርኩ። በመንደሩ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ሸዋዬ አሰብ ያለ ወንድሟ የሚልክላትን ደብዳቤ ወደ እኔ ታመጣለች፤ ሳነብላት አፌን ነው የምታየው፣ ወረቀቱን አታይም። ስጨርስ ጠላ ትቀዳልኛለች። ታዲያ እኔ ከተማ እያለሁ የሰፈሬን ስም በተናገርኩ ቁጥር ጓደኞቼ «የማን በር? የጠላ ሻጯ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የሚስቁብኝን አፍ መዝጋት ሲገባኝ ስሙን ጠላሁት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ በነገርኳችሁ።

የመንገድ ሰዎች በየመንደሩ ሰሌዳ እየተከሉ እኛ ጋ ደረሱ። ጣውላው ነጭ ተቀብቷል፣ ጽሑፍ የለውም። አለቃቸው ካኪዬን አየና «አንተ የተማርክ ትመስላለህ። የቦታውን ስም ጻፍልን» ብሎ ብሩሽና ጥቁር ቀለም ሰጠኝ። ብሩሹን ነከርኩ። ሸ ብዬ መጀመር እንዳለብኝ አውቃለሁ። እጄ ደ ብሎ ጀመረ። ደገፋ በር። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም።

የመንገድ ሰዎቹ እንደሄዱ እትዬ ሸዋዬ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጣች። ከኋላዋ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጇ ጽጌ አለች።

«አያሌው፣ እስቲ አንብብልኝ» አለች።

«ሸዋዬ በር ይላል እትዬ» አልኳት።

ቀረብ አለች። ከዚያ መዳፏን ሰሌዳው ላይ፣ በመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። ቀለሙ አልደረቀም። መዳፏ ጠቆረ፣ ፊደሉም ትንሽ ተበላሸ። «ተወው፣ አታድሰው» አለችኝ። «ስሜ ነው የነካኝ።» ያን ቀን እጇን ሳትታጠብ ዋለች፤ ላገኘችው ሁሉ መዳፏን ታሳይ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሰሌዳው ባለፈች ቁጥር በአባቴ ስም ላይ እጇን ታሳርፋለች።

አባቴም መጥቶ ምን ይላል አለ። ለእሱ እውነቱን አነበብኩለት። አልጨፈረም፤ ግንባሩን ቋጠረ። «ሸዋዬስ ምን አለች?» አለኝ። «ደስ ብሏታል፣ ይገባዋል ብላለች» አልኩ። አባቴ ይህን አምኖ፣ የእሷንም ውለታ እያሰበ ሞተ። አንድ ሰሌዳ ለሁለት ሰው ሁለት አድርጌ አነበብኩ፤ ሁለቱም ስላመኑኝ ለዓመታት ጎን ለጎን በሰላም ኖሩ። ማንበብ የሚችል ሹፌር ባለፈ ቁጥር ይነግራታል ብዬ እፈራ ነበር። ግን የመንደር ስም ሰው ከሰው አፍ እንጂ ከጣውላ አይወስድም፤ ሹፌሮቹ ሸዋዬ በር ማለታቸውን ስላልተዉ እሷ የምትጠረጥርበት ምክንያት አልነበራትም። አንድ ነገር ብቻ ልብ ብያለሁ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤዋን ወደ እኔ ማምጣት አቆመች። ልጇ ማንበብ ስለጀመረች ነው ብዬ ተገላገልኩት። ከዚያ ዝውውር መጣልኝ፣ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ዘመን ተለወጠ፤ እሷም ከልቤ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ደግሞ ልጨምር። እኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነኝ። ስንገባ ውሃ የለ፣ መብራት የለ፤ ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጥቻለሁ፣ በዚያ የስንዴ ማሳ በነበረ ሜዳ ላይ ጭቃ አቡክቻለሁ። አምና የብሎካችን ኮሚቴ የመጀመሪያ ነዋሪዎችን ስም ዝርዝር ደረጃው ሥር ሲለጥፍ የእኔን ስም ረሳ። ሳምንት ሙሉ ተጣላሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለስላሳ ወጣት ነው፤ «አባባ፣ ስም ብቻ እኮ ነው፣ ሼም ነው እንዲህ መናደድዎ» ቢለኝ፣ «የሰው ስም መዝለል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ነው የገዛ ቃሌ የደረሰብኝ። ውሃ ጠጣሁና ዜና ከፈትኩ።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ከቸርኬው ሥር ቆሜ ሔለንን «ሌላ ቦታ እንሂድ» ልላት ስል አንዲት ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ከውስጥ ወጣች። ስድሳን ያለፈች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ክንደ ጠንካራ።

«መምህር አያሌው አይደሉም?» አለች።

«ነኝ።»

«ጽጌ ነኝ! የሸዋዬ ጽጌ! ጌታ ይባረክ፣ በሕይወት አሉ?» ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ወንበር አስመጣች። ሥራ ቤቱ የእሷ ነው፤ ከባሏ ጋር ከፍተውት፣ እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ይዛዋለች። ውስጥ መዝሙር ተከፍቷል፣ ብረት ይቆረጣል። እናቷን ጠየቅኳት። «አረፈች፤ እዚሁ እኔ ጋ፣ ብዙ ዕድሜ ኖራ ነው» አለችኝ። «ቸርኬውን ግን ትታ አልመጣችም። አውቶቡስ ላይ አስጭና ነው ያመጣችው፤ ረዳቱ ጋር ተጣልታ።»

ሔለን ምንም ሳታውቅ «አባባ፣ ወረቀቱን ስጣት እንጂ» አለችኝ። እጄ ኪሴን ሲዳብስ ዘገየ። ሔለን ራሷ እጇን ኪሴ ከታ አውጥታ ሰጠቻት።

ጽጌ መነጽሯን አወረደች። ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያሳረፈች አነበበች፤ እንደዚያ አድርጌ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው አነበበች። አጠፈችው።

«ስፋቱ ስንት በስንት ይሁን?» አለች።

ብትሰድበኝ በወደድኩ። «ጽጌ» አልኩ፣ «ያ ሰሌዳ...»

«አውቃለሁ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ማንበብ እንደቻልኩ እማዬ እጄን ይዛ ሰሌዳው ጋ ወሰደችኝ። የገበያ ቀን ነው፤ ሴቶች ቆመዋል። ልጄ ስሜን ስታነብ ስሙልኝ አለቻቸው። ጣቴን አስቀመጥኩ። ደ። ገ። ፋ። እርስዎ ያስተማሩኝ ፊደል ነው፣ አልሳሳትም። ቀና ብዬ አየኋት፤ እየሳቀች ነው። ሸዋዬ በር ይላል አልኩ።»

«የሰባት ዓመት ልጅ» አልኩ።

«ሴቶቹ እልል አሉ። እማዬ ግን ፊቴን ነበር የምታየው፤ ያን ጊዜ ፊቴ ገና መዋሸት አልለመደም። ጎሽ ልጄ አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰሌዳውን ነክታው አታውቅም። እርስዎን አንዲት ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችዎትም፤ ደብዳቤዋን ግን የሚያልፍ ሹፌር ያነብላት ነበር። እኔንም አስነብባኝ አታውቅም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።»

«ቸርኬውስ?»

«ያን ዕለት ከሰዓት ጉም መጣ» አለች ጽጌ። «እንደ ወትሮው መታችው።»

ሔለን ስልኳን አስቀምጣ እኔን እያየች ነበር። «ሲሪየስሊ አባባ? አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ለሔለን ቅድመ አያቷ ደገፋ ማለት የቤታችን ኩራት ነው፤ ለእሁዱ ስብሰባ ስሙ የታተመበት ቲሸርት ራሷ ናት ያሠራችው፣ የመኪናዋ ኋላ ሁለት ካርቶን ሞልቶ። ማኅበሩን የሚመራው የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ይህን ስናገር የገዛ ቤተሰቤ ፊት ምን እንደሚመስል ታየኝ። አፈርኩ፤ ከኀፍረቴ ሁሉ የከፋው ግን ለራሴ መፍራቴ ነበር፣ አሁንም፣ በዚህ ዕድሜ።

«እሁድ ለሕዝቡ እነግራለሁ» አልኩ። «በምስክር ፊት፣ ሳሊተ ምሕረት ቆሜ።»

«እሁድ ሩቅ ነው፣ መምህር» አለች ጽጌ። ተነስታ ነጭ የተቀባ ላሜራ ከግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመች። ጥቁር ቀለም በጣሳ፣ ከሱም ጋር ብሩሽ ሰጠችኝ። ሠራተኞቿ ብረት መቁረጫውን አጥፍተው ያዩኝ ጀመር። ቀለሙ ሸተተኝ። ሔለን ክንዴን ደገፈችልኝ። ሸ ብዬ ጀመርኩ። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነ፣ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወረደ። ጨርሼ ብሩሹን አስቀመጥኩ።

ጽጌ ከጎኔ ቆመች። ጣቷን አላነሳችም፣ ሰሌዳውንም አላየችም፤ እንደ እናቷ አፌን ነበር የምታየው።

«ያንብቡልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። በሹክሹክታ ነበር።

«ጮክ ብለው፣ መምህር» አለች፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «እማዬ እኮ በዚያ ቸርኬ ጆሮዋ ደንቁሮ ነው የሞተችው።»

መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ጮኼ አነበብኩት።